የሦስት ሰዓት ሻይ

ሰኔም ነበር፣ ሰኞም ነበር። ሰኔና ሰኞ የገጠመበት ሰው ምን እንደሚያገኘው ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነገር ሰምቻለሁ። ሰርቨርንም እንደሚያገኘው ግን የነገረኝ አልነበረም።

ከቡሬ ትንሽ ወጣ ብሎ ካለው ከእናቴ ቤት ነበርኩ። ቅዳሜ ሄጄ እሑድ ማታ መመለስ ሲገባኝ በዝናብ አሳብቤ አደርኩ። ጠዋት እናቴ አቦሉን ቀድታ ሲኒውን ልታቀብለኝ እጇን ስትዘረጋ ስልኬ ጮኸ። ፍኖተ ሰላም የምሠራበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። ኃላፊው ሰላምታውን አሳጥረው፣ "ሰርቨሩ ሞልቷል ይላል፤ ባለጉዳዩም በረንዳውን ሞልቷል፤ አንተ የት ነህ?" አሉኝ።

"ሞልቷል?" አልኩ ደንግጬ።

እናቴ ሲኒውን መልሳ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠች። "ምን ሞላ ልጄ? ፈጣም ነው?"

"ፈጣም አይደለም እምዬ። ሰርቨር ነው።"

"ገና በሰኔ!" አለች አፏን በነጠላዋ ይዛ። ሰርቨር ማለት ከፍኖተ ሰላም ወዲያ ያለ አንድ ወንዝ መስሏታል። "ሰው ወሰደ?"

እስካሁን አልወሰደም፣ እኔን ግን ሳይወስደኝ አይቀርም አልኳት። ቶናውን ሳልቀምስ፣ በረካውን ሳልጠብቅ ተነሣሁ። እናቴ በረካ ሳይጠጣ ከቤቷ የወጣ ሰው መንገዱ እንደማይቀናው ታምናለች። ያን ቀን ተሳስታ ነበር ለማለት አልደፍርም።

ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሩቅ አይደለም። መሐል ላይ ማንኩሳ አለች፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት "ፍቅር እስከ መቃብር" ውስጥ የበዛብህን አገር ስላደረጓት፣ በእግሩ ያልረገጣት ሰው ሁሉ የሚያውቃት ማንኩሳ። ሚኒባሱ እዚያ ቆሞ ረዳቱ በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ሲጠቀጥቅ፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ስለተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች አሰብኩ። የሁለት ሰው ደብዳቤ ቢበዛ አንድ ሙዳይ ቢሞላ ነው። የኔ ሰርቨር ግን መልስ ለማትሰጥ ለአንዲት ከተማ በየሴኮንዱ ሲጽፍ እንደከረመ ገና አላወቅሁም።

በመደቤ መጠሪያ የአይሲቲ ባለሙያ ነኝ። በተግባር ደግሞ ፕሪንተር ውስጥ የተጣበቀ ወረቀት የማላቅቅ፣ ለስብሰባ ፕሮጀክተር የምሸከም፣ ስልኩ በፎቶ የተጨናነቀበትን ሰው የማስተነፍስ ሰው ነኝ። ሰርቨር ክፍላችን ቀድሞ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ነበረች፤ መጥረጊያዎቹ ዛሬም አለቀቁም። ጣራው ላይ ከወረዳኔት ዘመን የቀረ የሳተላይት ሳህን ተጋድሟል። ያኔ ወረዳ ሁሉ በስክሪን ሊሰበሰብ ነው ተብሎ የተተከለ ነው። አሁን የሚሰበሰቡበት ርግቦች ናቸው።

ስደርስ በረንዳው እውነትም ሞልቷል። የሰርቨሩ ዲስክ 250 ጊጋባይት ነው፤ ሞኒተሩ 100 በመቶ ይላል። ኃላፊያችን ምርመራውን እኔ ሳልመጣ አጠናቀው ጠበቁኝ፦ "የሒሳብ ክፍሉ ልጅ ፊልም ጭኖበት ነው።" የሒሳብ ክፍሉ ልጅ በሩ ሥር ቆሞ ይምላል። ፈተሽኩ። ከመሥሪያ ቤቱ ሥራ ውጭ ያገኘሁት አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው፣ 4 ጊጋባይት፤ የኃላፊያችን ልጅ ሠርግ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም፤ እዚህ ከመጻፌ በቀር።

ዋናውን ጥፋተኛ ያገኘሁት ማንም በማይገባበት አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። አንድ ፋይል። ብቻውን 207 ጊጋባይት። ሎግ።

ሎግ በእንግሊዝኛ ግንድ ማለት ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት የእንግሊዝ መርከበኞች ፍጥነታቸውን ለማወቅ፣ በየርቀቱ የተቋጠረ ገመድ ያሰሩበትን እንጨት ከመርከቡ ኋላ ወደ ባሕር ይጥሉ ነበር። አሸዋው በብርጭቆው ውስጥ ፈስሶ እስኪያልቅ ስንት ቋጠሮ ከእጃቸው እንዳመለጠ ቆጥረው በደብተር ያሰፍራሉ። ደብተሩ በግንዱ ስም ተጠራ፤ የመርከብ ፍጥነትም እስከ ዛሬ የሚነገረው በቋጠሮ ነው። ባሕር ለሌለን ለእኛ ዜና መዋዕል ብንለው ይቀለናል። ሰርቨር እንደ ነገሥታቱ ጸሐፊ ያየውን ሁሉ ከነሰዓቱ ይጽፋል፦ እገሌ ገባ፣ እገሌ ወጣ፣ እገሌ የይለፍ ቃሉን ሦስት ጊዜ ተሳሳተ። ልዩነቱ፣ የንጉሥ ጸሐፊ ድሉን መርጦ ይጽፋል፤ ሰርቨር ሽንፈቱን ነው ይበልጥ የሚወደው።

የኛም የጻፈው ሽንፈቱን ነበር። ፕሮግራሙ በየጊዜው መረጃ ወደ ባሕር ዳር መላክ አለበት። ኔትወርኩ ግን ጠፍቶ ከርሟል፤ ለምን እንደጠፋ የአካባቢው አንባቢ ስለሚያውቅ አላነሣውም። ሰው ቢሆን በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ ይተኛል። ፕሮግራሙ ግን በየሴኮንዱ ባሕር ዳርን ያንኳኳል፤ መልስ ሲያጣ "ባሕር ዳር አልተገኘም" ብሎ ይጽፋል። በቀን 86,400 ጊዜ። ያውም በአንድ መስመር ቢሆን ጥሩ ነበር። በጃቫ የተሠራ ፕሮግራም ሲሳሳት ስሕተቱን ብቻ አይናገርም፤ ስሕተቱን ማን እንደወለደው፣ የወለደውን ማን እንደወለደው ዘሩን ይዘረዝራል። የጎጃም ሽማግሌ ለጋብቻ ሰባት ቤት ቆጥሮ ይበቃዋል። ጃቫ ሰማንያ ቤት ይቆጥራል። በዚህ ሒሳብ አንዱ ስሕተት 8 ኪሎባይት ይወስዳል፤ የቀኑ ወደ 700 ሜጋባይት ይጠጋል፤ አሥር ወር ሲጠራቀም 207 ጊጋባይት።

እንግዲህ ማጥፋት ነው ብዬ አጠፋሁት። "ተሰርዟል" አለኝ። ኃላፊያችን እጃቸውን አፋጩ። ዲስኩን እንደገና ብጠይቀው፣ 100 በመቶ።

እዚህ ላይ የሊኑክስን ጠባይ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ነገሩን በርስት ክርክር ላስረዳው። አንድ ሰው ከመሬት መዝገብ ስሙ ተፍቋል፤ በወረቀት የለም። እሱ ግን ፍርዱን አልሰማም፤ ማሳው ላይ ጥማዱን ጠምዶ ያርሳል። መዝገቡን የሚያይ "መሬቱ ነፃ ነው" ይላል፤ ማሳውን የሚያይ "ተይዟል" ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ፋይሉን ከዝርዝሩ ሰረዝኩት እንጂ ፕሮግራሙ ከፍቶ እንደያዘው ነበር። እሱ ካለቀቀ መሬቱ አይለቀቅም። ያውም እየጻፈበት ነው! ስሙ በሌለ፣ ማንም በማያየው ፋይል ላይ "ባሕር ዳር አልተገኘም" ይላል።

ፕሮግራሙን አጥፍቼ አስነሣሁት። ማሽኑ ሽማግሌ ስለሆነ ተነሥቶ ጫማውን እስኪያስር 20 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሲነሣ ዲስኩ ባዶ ሆነ፤ በረንዳው ላይ "እሰይ" ተባለ። ኃላፊያችን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ያልተደሰቱት የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ብቻ ነበሩ።

ጋሼ መዝገብ ቤቱን ከደርግ ዘመን ጀምሮ ይዘውታል። እሳቸው ዘንድ የጠፋ ደብዳቤ የለም፤ የተገኘም ብዙ የለም፤ ግን አለ። ከገበሬ ማኅበር የተጻፈ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ ወረቀት ሳይቀር በቦክስ ፋይል ታስሮ እስከ ጣራው ተደርድሯል። የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991ን ቁጥሩን ከነዓመቱ በቃላቸው ይዘውታል። በሩን ገፋ አድርገው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉና፣

"አንተ ልጅ፣ መዝገብ ጣልክ አሉ?"

"ጋሼ፣ መዝገብ እኮ አይደለም። ሎግ ነው።"

"ቀን አለበት?"

"አለበት።"

"ሰዓትስ? ማን ምን እንዳደረገ ይላል?"

"ይላል።"

"እንግዲያ ምንድን ነው?" አሉና ሄዱ። ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ "አዋጅ አለ!" ሲሉ ከኮሪደሩ ሰማኋቸው።

እውነታቸውን ነበር። የጣልኩት ፋይል ውስጥ "ባሕር ዳር አልተገኘም" ብቻ አልነበረም። በዚያ ጭድ መሐል፣ ማን በየትኛው ቀን የትኛውን ሒሳብ እንደነካ የሚናገር ፍሬም ነበረበት። ሰኔ 30 የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፤ ኦዲተር መጥቶ "ማን ነው ይህን የቀየረው?" ቢል መልሱ እዚያ ነበር። ጭዱን ከነፍሬው ነው ያቃጠልኩት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ባልተኛሁበት ሌሊት ያጠናሁት ሎግሮቴት የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ሬድ ሃት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤሪክ ትሮንና ፕሬስተን ብራውን የጻፏት ናት፤ በአብዛኛው ሊኑክስ ላይ ተጭና ትመጣለች። የኛም ሰርቨር ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረች። እኔ ሥራ አልሰጠኋትም እንጂ። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ሥራውን ይችላል፣ ያዘዘው የለም፣ ፀሐይ ይሞቃል።

ሥራዋን ለጋሼ ያስረዳሁት በእናቴ ቡና ነው።

"ጋሼ፣ ዛሬ የሚጻፈው ሎግ አቦል ነው። ሌሊት ላይ ትመጣና ቁጥር 1 ብላ ስሙን ትቀይረዋለች፤ ቶና ሆነ ማለት ነው። ለዛሬው አዲስ አቦል ይጣዳል። በማግሥቱ ቶናው ቁጥር 2 ተብሎ በረካ ይሆናል። የኛ ጀበና ሦስት ላይ ይቆማል፤ እሷ ግን ቁጥሩን የነገርናትን ያህል ትሄዳለች። 14 ካልኳት አሥራ አራት።"

"ከ14 በኋላስ?"

"አተላ ነው። ይደፋል።"

"የት ነው የሚደፋው?"

"የትም አይደፋም፤ በቃ ይጠፋል።"

ጋሼ ረጅም ጊዜ አዩኝ። "አተላውን ለኔ አምጣልኝ" አሉ።

በዚህ ተስማማን። አተላው ከመደፋቱ በፊት ወደ ውጭ ሀርድ ዲስክ ይገለበጣል፤ ሀርድ ዲስኩ በጋሼ የብረት ቁምሣጥን ይቆለፋል። ቦታ እንዳይበላ ደግሞ በጂዚፕ ይጨመቃል። መጨመቁን ማስረዳት አላስፈለገኝም። ጋሼ በገቢና ወጪ መዝገባቸው ላይ የላይኛው ቃል ሲደገም "እንደ ላይኛው" የምትል ሁለት ጭረት እያደረጉ ነው ዕድሜያቸውን የገፉት። ጂዚፕም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ያንኑ ቃል ደጋግሞ ከመጻፍ፣ "ይህ ከዚህ በፊት እዚያ ቦታ ተጽፏል" እያለ ይጠቁማል። "ባሕር ዳር አልተገኘም" 86,400 ጊዜ ሲሆን ደግሞ ጭረቱ ብዙ ነው። 700 ሜጋባይቱ 30 ገደማ ሆኖ አረፈው።

አንድ ነገር ቀረ። የፋይሉን ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም። ከተማችን ቀድሞ ወጀት ነበር ስሟ፤ ፍኖተ ሰላም የተባለችው በኋላ ነው። አያቴ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ "ወጀት ልወርድ ነው" ትል ነበር። ለእሷ ታፔላው እንጂ ቦታዋ አልተቀየረባትም። ፕሮግራምም እንደዚያው ነው፤ የሚያውቀው ስሙን ሳይሆን የያዘውን ፋይል ነው። ስሙን ቁጥር 1 ብትሉበትም፣ አዲሱን ባዶ ፋይል አጠገቡ ብታኖሩለትም፣ እሱ በአሮጌው ላይ መጻፉን ይቀጥላል። ሎጉ በታጠፈ ቁጥር "ልቀቅና አዲሱን ያዝ" የሚለው ያስፈልጋል። በጨዋ ደንብ የሚነገረው ፕሮግራም አለ፤ በአንድ ምልክት ይለቃል። የኛ ግን ጨዋ አልነበረም፤ አጥፍቶ ማስነሣት ነበረብኝ። ስለዚህ በትእዛዙ መጨረሻ "ከታጠፈ በኋላ ፕሮግራሙን አስነሣ" የሚል መስመር ጨመርኩ። 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ግን ሌሊት ስለሆነ ማን ያየዋል?

ሌሊት። እስቲ ይቺን ቃል ያዙልኝ።

በሊኑክስ ዓለም ሥራን በሰዓት የሚቀጥረው ክሮን ይባላል፤ ስሙ ጊዜ ከሚለው ከግሪኩ ክሮኖስ የመጣ ነው። አምስት ነገር ትነግሩታላችሁ፦ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን። ግድ የሌላችሁ ቦታ ላይ ኮከብ ታደርጋላችሁ። እኔ መቼ ይሁን ብዬ አሰብኩ? ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ዘበኛው እንኳ በሚያንቀላፋበት፤ በሌሊት 6 ሰዓት። እንዲህም ብዬ ጻፍኩ፦

0 6 * * *

የጎጃም ልጅ ስድስት ሰዓት ሲል እኩለ ሌሊት ነው ወይም እኩለ ቀን ነው። ለማሽኑ ግን ስድስት የማለዳ ስድስት ነው፤ በኛ ጠዋት 12 ሰዓት። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ በ12 ሰዓት ቢሮ የሚገባ ሰው የለም። የሰርቨሩ ሰዓት ግን ከተገዛ ጀምሮ ዓለም አቀፍ በሚባለው፣ ከኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በቀረው አቆጣጠር ላይ ነበር። የእሱ ስድስት የአዲስ አበባ ዘጠኝ ነው። የፈረንጅ ዘጠኝ ደግሞ፣ አንባቢ ሆይ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ባለጉዳይ ከየገጠሩ ደርሶ፣ ወረፋ ተይዞ፣ ማኅተሙ ከመሳቢያ ወጥቶ የመጀመሪያው ስም የሚጠራበት ሰዓት።

በማግሥቱ ልክ በ3 ሰዓት ሲስተሙ ጠፋ። ለ20 ደቂቃ።

እኔ አልጠረጠርኩም። እኔ እቴ! ሎጌን አጥፌ፣ ጨምቄ፣ ቀጥሬ፣ ልቤ ሞልቶ ተቀምጫለሁ። ክረምት ነው፤ መብራት ይሄዳል ይመጣል፤ መብረቅ አለ። "መብራት ነው" ተባለ። በሁለተኛው ቀን በ3 ሰዓት እንደገና ጠፋ። "መብራት ነው።" በሦስተኛው ቀን ሠራተኛው ሲስተሙ ሲጠፋ ማጉረምረሙን ትቶ ኮቱን አነሣ። በሳምንቱ ደግሞ ሲስተሙ እስኪጠፋ አልጠበቀም፤ ከሩብ ጉዳይ ጀምሮ ወንበር ሲገፋ ይሰማል።

ከግቢያችን በር ማዶ፣ በላስቲክ ጣራ ሥር ሻይና ቦምቦሊኖ የሚሸጡ እትዬ አሉ። ያን ክረምት ሁለት አግዳሚ ወንበር ጨመሩ። በ3 ሰዓት መሥሪያ ቤቱ እንዳለ ወደሳቸው ይፈልሳል፤ ባለጉዳዩም ይከተላል። ከምዝገባ ክፍሏ ሠራተኛ ጋር ተፈላልገው በቢሮ ያልተገናኙ ሰዎች ሻዩ ላይ ይገናኛሉ። አንዳንዱ ጉዳይ ያለ ሲስተም እዚያው አለቀ። እውነቱን ለመናገር፣ መሥሪያ ቤታችን እንደዚያ ክረምት ሰላም ሆኖ አያውቅም።

ሐምሌ እንዲህ አለፈ፤ ነሐሴም አጋመሰ። አንድ ቀን እኔም ሻዬን ይዤ፣ "መብራት ኃይሎች ክረምቱን ጨረሱን" ብዬ እንደ ሰው አማረርኩ። እትዬ ብርጭቆ እያለቀለቁ ቀና ብለው አዩኝ።

"የምን መብራት ልጄ?"

"ይኸው በየቀኑ የሚጠፋው።"

"ኧረ የኔ ሬዲዮ እየዘፈነ ነው። ደግሞስ መብራት መቼ ሰዓት አክብሮ ያውቃል? ይኸ የናንተው ነገር ከቅዳሴ ይልቅ ሰዓት ያከብራል። እኔ ውኃ የምጥደው በሱ ነው።"

ብርጭቆው በእጄ ቀረ። አራት ዓመት ኮሌጅ የተማርኩት እኔ ነኝ። "ሰዓት የሚያከብር ብልሽት የቀጠሮ ነው" የሚለውን ግን ያስተማሩኝ በቦምቦሊኖ ጭስ ውስጥ እትዬ ናቸው። ሮጬ ገባሁ። ክሮንን ከፈትኩ። ስድስቷ ከነኮከቦቿ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።

ያኔ ነው የሰርቨሩን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ያዞርኩት፤ የቀጠሮውንም ስድስት ወደ ዜሮ፣ ማለትም ወደ እውነተኛው እኩለ ሌሊት። በማግሥቱ ሁሉ ነገር ሰላም ይሆናል ብዬ በኩራት ተቀመጥኩ። በ3 ሰዓት አልጠፋም፤ ከዚያ በፊትም አልጠፋም፤ ደስ አለኝ። ምርመራ ሳደርግ ግን ሎጉ የታጠፈው በሌሊት 9 ሰዓት ነበር። ክሮን ራሱ አጥፍተው ካላስነሡት የሰዓት ለውጥ አይሰማም፤ የጥንቱን ሰዓት እንደያዘ ይኖራል። እሱም የወጀት ሰው ነው። አስነሣሁትና ልክ ገባ። በዚያው እጄ ፕሮግራሙን ባሕር ዳርን በየሴኮንዱ ሳይሆን በየአሥር ደቂቃው እንዲያንኳኳ አዘዝኩት። በቀን 144 ጊዜ። ለደጅ ጠኚ ይህም አይበዛም አይባልም፤ ከ86,400 ግን ጨዋነት ነው።

ከጋሼ ጋር የቀረን የወር ጉዳይ ነበር። ሀርድ ዲስኩን በየወሩ መጨረሻ እሰጣቸዋለሁ ብያለሁ፤ ማሽኑ ግን ወር የሚያውቀው በፈረንጅ ነው። ሐምሌ 1 የኛ በጀት ዓመት ሲጀምር የእሱ ወር ካለቀ ሳምንት ሆኖታል፤ የእሱ ጁላይ 1 የኛ ሰኔ 24 ነው። "ሰኔን ከጅራቷ ሰባት ቀን ቆርጠህ አታመጣልኝም" አሉ ጋሼ። ስለዚህ ቀኑን ከፈረንጅ ወደኛ የሚመልስ ትንሽ ትእዛዝ ጻፍኩ። ሰኔ ሞላ። ሐምሌ ሞላ። ነሐሴ ሞላ። በመስከረም መጀመሪያ ጋሼ የፋይሎቹን ስም ከመዝገባቸው ጋር እያመሳከሩ ቆዩና መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ጳጉሜን የታለች?"

ፈረንጅ የሠራው ኮምፒውተር አሥራ ሦስተኛ ወር ይኖራል ብሎ አላሰበም፤ እኔም ከእሱ ጋር ስውል ስለማድር ሳልረሳት አልቀረሁም። የአምስት ቀን ፋይል ለብቻዋ አዘጋጅቼ፣ ጨምቄ አመጣሁ። ጋሼ በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር ሰጧት፤ "የሎግ ጉዳይ" የሚል አዲስ ቦክስ ፋይልም ከፈቱላት። ቦክስ ፋይሉ ውስጥ ያለው አንድ ወረቀት ነው፤ ሎጉ ሀርድ ዲስክ ውስጥ እንደሆነ፣ ሀርድ ዲስኩ ቁምሣጥን ውስጥ እንደሆነ ይናገራል። የቁምሣጥኑ ቁልፍ የት እንደሆነ የሚናገር ሌላ ወረቀት አለ ይባላል።

በጥቅምት ወደ እናቴ ስሄድ ገና ከበሩ፣ "ያ ወንዝ ጎደለ?" አለችኝ። ጎደለ አልኳት። ዛሬ ጠዋት ሳየው ዲስኩ 31 በመቶ ነው። ሎጉ በየሌሊቱ በስድስት ሰዓት፣ በሐበሻ ስድስት ሰዓት፣ ይታጠፋል፤ ሲስተሙ በጠዋት አይጠፋም። እትዬ ለጥቂት ቀን አኮረፉኝ። "ልጄ፣ ነካክተህ አበላሸኸው መሰለኝ፤ ወደ አራት ሰዓት እንኳ ብታደርግልኝ ምን ነበረበት?" አሉኝ።

ማኩረፋቸው ግን ረጅም አልሄደም። በ3 ሰዓት ሰርቨሩ ቢነሣም ሠራተኛው አልተቀመጠም። ዛሬም ከሩብ ጉዳይ ጀምሮ ወንበር ይገፋል፤ ኮት ይነሣል፤ ሁለቱ አግዳሚዎች ይሞላሉ። ለኃላፊያችን ሲስተሙ እንደማይጠፋ ብነግራቸው፣ "አውቃለሁ" ብለው ቦምቦሊኖ ጋበዙኝ።

ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ጉዳይ ያላችሁ ሰዎች፣ ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ባትመጡ ይሻላል። ቀድማችሁ ከደረሳችሁም እትዬ ማዶ ናቸው፤ ጥሩ ሻይ ነው።